ይጠብቃል ወይስ ይላላል

ሴትዮዋ ስትሳፈር ቀና ብሎ አላያትም። አለማየት ከሥራው ዋናው ነው።

መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛዋለች። 

«ይሄ አውቶቡስ በላይኛው መንገድ ነው የሚሄደው?»

«ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ከቦርሳዋ የመነጽር ማኅደር አወጣች፤ በሁለቱ መሃል አስቀመጠችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ማኅደሩ ውስጥ መነጽር የለም። ያለችው ከጥፍር የማትበልጥ የድምፅ ካርድ ናት። ሴትዮዋ የውሃ ቢሮ ኬሚስት ስትሆን፣ ለታችኛው ሰፈር ውሃ የሚሰጠው ማጠራቀሚያ አጠገቡ ካለው ፋብሪካ መርዝ እየገባበት መሆኑን በገዛ አንደበቷ ካርዷ ላይ ተናግራለች። አለቆቿ አፍሽን ያዢ ብለዋት ነበር።

«ለጋሼ በእጁ ስጥልኝ» አለች ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ። «የልጆቹን ገላ አይቻለሁ። ካየሁ በኋላ እንቅልፍ የለኝም።»

ማኅደሩን ኪሱ ከተተ።

ያን ጊዜ ጫማውን አየ።

ቢጫ ጫማ፣ የተወለወለ። ከኋለኛው በር አጠገብ የቆመ ሰው ነው ያደረገው። ሰውየው ጋዜጣ ዘርግቷል፤ ገጽ ግን አይገልጥም።

እሱ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ። ባለ ቢጫ ጫማው አልወረደም፤ ከሴትዮዋ ጋር ቀረ። እሱም ከእኔ ራስ ወረደ ብሎ እፎይ አለ። ለዚህች እፎይታው በኋላ ራሱን ይቅር ሊል አልቻለም።

በአንድ የግል ራዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሻን ነው። ቀጭንና ዝምተኛ ስለሆነ እዚያ «ሽቦ» ይሉታል። እውነተኛ አሠሪው ግን የደኅንነት ቢሮው ነው፤ እዚያ ደግሞ ስሙ «መርፌ» ነው። ጣቢያው ውስጥ የሰኩት ማን ምን እንደሚያወራ እንዲሰማላቸው ነበር። ሰማላቸው። ሳይታዘዝ የሠራው አንድ ነገር ቢኖር ጋሼን መውደዱ ነው።

ጋሼ ዜና አንባቢው ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ድምፁ ግን ማርጀት የሚባል ነገር አልሰማም። ሰዉ ሁሉ ወሬ ሲሰማ «ጋሼ ብሎታል ወይ?» ሳይል አያምንም። አንድ አመል አለው። ዜና ከማንበቡ በፊት ወረቀቱን ያነሳና በመስታወቱ ወዲያ ማዶ ላለው ቴክኒሻን፣ ከሁሉ አብልጦ ራሱ የሚያውቀውን ነገር ይጠይቃል፦ «ይሄ ቃል ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ፊደላችን ደግ ነው ይላል፤ ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ብለህ ብትጽፍ ሰውየው ተናገረ ይሁን በሕይወት ይኑር በምን ይታወቃል? የሚያውቀው አፍ ነው። መርፌ መጀመሪያ ግራ ይገባው ነበር፤ ኋላ መልመዱ አልቀረም፣ አሁን ጨዋታቸው ሆኗል። ትኩሳት የጣለው ጊዜ ኪራይ ክፍሉ ድረስ መጥቶ ግንባሩን የዳሰሰው ጋሼ ነው። ቢሮው አልመጣም።

ታችኛው ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የልጆቹ ገላ ሽፍ አለ። ከዚያ ትውከት፣ ከዚያ ትኩሳት ተከተለ። የመንግሥት ቴሌቪዥን አንድ ሹም ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ግጥም አድርጎ ሲጠጣ አሳየ፤ ውሃው ከየት እንደተቀዳ ግን አላሳየም። አንዱ ጋዜጣ ሙቀቱ ነው አለ። ሌላው የእናቶችን ንጽሕና ተጠራጠረ። ጋሼ ብቻ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ኬሚስቷን አገኘ፤ ድምጿን እንዲያመጣለትም የሚያምነውን ሰው ላከ። የሚያምነው ሰው መርፌ ነበር።

መርፌ ግን ካርዷን ይዞ ወደ ጋሼ አልሄደም። ወደ እትዬ ሄደ።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት ይባላል፤ እውነትም ትሰፋለች። ከሱቋ ጓዳ ሆና ግን የቢሮውን ሰዎች ትመራለች። ማኅደሩን ተቀብላ ከጨርቅ ክምር ሥር ሸጎጠችው።

«ሴትዮዋ ተናግራለች?»

«አንድ አላስቀረችም።»

«ጎበዝ። ማጠራቀሚያው ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋል። በራዲዮ ቢለፈፍ ሰዉ እርስ በርሱ ይረጋገጣል። ከመርዙ ድንጋጤው ይብሳል።»

መርፌ ወዲያው አልወጣም። ታችኛው ሰፈር እህት አለችው። እህቱ ደግሞ ሚጢጢ የሚሏት ትንሽ ልጅ አለቻት፤ ስትወለድ ታቅፏታል። ቢሮው ከቀጠረው ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። መርፌ ዘመድ የለውም፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ቢሆንም ስለ እህቱ ሰፈር ጠየቃት።

«አውቃለሁ» አለች እትዬ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «የእህትህ ሰፈር ውሃ ከሁሉም በፊት ይዘጋል። ልጆቼን ይንሳኝ።»

ልጆች እንደሌሏት ትዝ ያለው መንገዱን ከተሻገረ በኋላ ነው።

ለጋሼ ሴትዮዋ አልመጣችም ብሎ ነገረው። ጋሼ ጥቂት አየውና ፈርታ ይሆናል አለ፤ አልፈርድባትም፣ መፍራት የሰው ወግ ነው አለ። ከዚያ ምሳውን ለሁለት ከፍሎ ትልቁን እኩሌታ ወደ እሱ ገፋለት። መርፌ በላ። እየበላ ማልቀስ ቢችል ኖሮ ያለቅስ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ሥራ ሲሄድ መንገዱን አጥፎ በታችኛው ሰፈር በኩል አለፈ። የቦኖው ውሃ ይወርዳል። ጀሪካኑ ተሰልፏል። አንዲት እናት ለልጇ በመዳፏ ታጠጣለች።

አልተዘጋም።

ሮጠ። የእህቱ ቤት ከመድኃኒት ቤቱ በስተጀርባ ነው። መድኃኒት ቤቱ ጋ ሳይደርስ አንድ መኪና ፊቱ ቆመ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው ጫማው ነው።

ቢጫ።

«መርፌ፣ ስቱዲዮ ትፈለጋለህ።»

«የእኛ ሰው ነህ?»

«ታዲያ የማን ልሁን?»

«ኬሚስቷስ?»

«ከትናንት ጀምሮ እኛ ዘንድ ናት። አልተናገርኩም ብላ ነበር። ድምጿን ስናሰማት ዝም አለች። ለእሱ ምስጋናው ያንተ ነው።»

መኪናው ውስጥ ሁሉም ተገለጠለት። የፈለጉት ማጠራቀሚያ መዝጋት አልነበረም። አፍ መዝጋት ነበር። ለዚያ ደግሞ እሱ ድምፅ ሰጥቷቸዋል። ሁለት ጊዜ ልውረድ ብሎ ሁለት ጊዜ በሩ ተቆልፎ አገኘው።

የቀትር ዜና ሊጀምር ሲል ስቱዲዮ ደረሱ። ለሁሉም ጣቢያዎች መግለጫ መጥቷል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ እንዳለ ይነበብ፣ አንድ ፊደል እንዳይጨመር፣ አንድ ፊደል እንዳይቀነስ። አንባቢው ከጽሑፉ ከወጣ መርፌ ድምፁን ይቁረጠው። ባለ ቢጫ ጫማው የመግለጫውን ቅጂና እስክሪብቶ ይዞ ከጀርባው ቆመ። መርፌ ዞር ብሎ ቅጂውን አነበበው።

«በታችኛው ሰፈር ሽፍታ ታይቷል። ሽፍታው የመጣው በውሃ ማጠራቀሚያው በኩል መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ ነዋሪው ወደ ማጠራቀሚያው እንዳይጠጋ፣ ከዚያ ከሚመጣ ማናቸውም ነገር ራሱንና ልጆቹን እንዲጠብቅ መንግሥት ያሳስባል።»

ተንኮሉ ገባው። ጠመንጃ የያዘ ወንበዴ አለ ከተባለ ማንም ወደ ማጠራቀሚያው ሄዶ በመርዙ ሞቶ ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ዓሣ አያይም። ሰዉ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ተቀምጦም ውሃውን ይጠጣል።

በመስታወቱ ወዲያ ጋሼ ወረቀቱን በዓይኑ ያነባል። ከንፈሩ ቆመ። እንደገና ከላይ ጀመረ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«ሽቦ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ይቺ ሽፍታ የምትለዋ። ፍ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»



ፍ ከላላ፣ ጫካ የገባ ወንበዴ ነው። ፍ ከጠበቀ፣ የልጆቹ ገላ ላይ የወጣው ነው። ፊደሉ ያው አንድ ነው። መግለጫውን የጻፈው ሰው አንብቦታል፣ አለቃው ፈርሞበታል፣ ጮክ ብሎ ያነበበው ግን የለም።

«ምንድን ነው የሚለው ሰውዬው?» አለ ባለ ቢጫ ጫማው።

«አነባበቡን ነው የሚጠይቀው።»

«እንደተጻፈው! እንደተጻፈው ያንብብ በለው።»

መርፌ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ሚጢጢ በዓይኑ መጣች፤ ያኔ ስትወለድ እንዳያት፣ ጣቱን ጨብጣ አልለቅም ያለችው ሚጢጢ። ይህን ቃል ከተናገረ ጋሼ እንደሚታሰር ያውቃል። ጋሼም ያውቃል። ለዚያም ነው ራሱ መወሰን ሲችል የጠየቀው፤ መርፌ ማን እንደሆነ በራሱ አፍ እንዲነግረው ነው።

«እንደተጻፈው ነው ጋሼ» አለ። «ይጠብቃል።»

ጋሼ በመስታወቱ አሻግሮ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መነጽሩን አደረገ።

ቀዩ መብራት በራ።

ያ ድምፅ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም። ቸኩሎ አልነበረም፤ ቁጣም የለበትም። ፍዋን ብቻ ረገጣት። በታችኛው ሰፈር ሽፍታ ታይቷል። ሽፍታው የመጣው በውሃ ማጠራቀሚያው በኩል መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ ነዋሪው… ከዚያ ከሚመጣ ማናቸውም ነገር ራሱንና ልጆቹን እንዲጠብቅ መንግሥት ያሳስባል። እስክሪብቶው ፊደል በፊደል ተከተለው፤ አንድም ስሕተት አላገኘበትም። ጋሼ አንብቦ ሲጨርስ «መግለጫውን እደግመዋለሁ» አለና ከላይ ጀመረ።

የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ሁለተኛው ስልክ ተከተለ።

እስክሪብቶው ቆመ።

«ቁረጠው!»

«ምኑን? ፊደሉ ልክ ነው።»

«ቁረጠው አልኩህ!»

መርፌ ከጣቱ ሥር ያለውን ቁልፍ ሲፈልግ ቆየ። ጋሼ «መንግሥት ያሳስባል» ብሎ ሲጨርስ አገኘው።

ሊወስዱት ሲገቡ ጋሼ ኮቱን ለብሶ ቆሞ ነበር። አነባበቡን ማን ነገረህ አሉት። «ማን ይነግረኛል? ማንበብ ሥራዬ ነው» አለ። «እሱ ልጅ ስለ ሽቦ እንጂ ስለ ቃል ምን ያውቃል።» በመርፌ አጠገብ ሲያልፍ ግን እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ሌላ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ ነው የተናገረው።

«ትናንት ሴትዮዋ አልመጣችም ስትለኝ ድምፅህ ላልቶ ነበር፣ ልጄ።»

ያን ቀን ታችኛው ሰፈር ጀሪካኑን ሁሉ መንገድ ላይ ደፋ። ሰዉ ማጠራቀሚያውን ከበበ። ቢሮው ማፈን እንደማይችል ሲገባው ቀደመ፤ ማታውኑ ማጠራቀሚያው ሲዘጋ በቴሌቪዥን ታየ። ሹሙ እንደገና ቀረበ፣ አሁን ብርጭቆ አልያዘም። ጋዜጦቹ በማግስቱ «መንግሥት ሕዝቡን በወቅቱ አስጠነቀቀ» ብለው አወጡ፤ መግለጫውንም ቃል በቃል አተሙት። ጋሼ ደግሞ ያንኑ መግለጫ አዛብቶ በማንበብ ተከሰሰ። አንዱ መግለጫ አንዱን አስመስግኖ ሌላውን እንዴት ያሳስራል ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ አልነበረም። የኬሚስቷን ስም ያነሳም የለም።

እትዬ አዲስ ጃኬት ሰፍታ ጠበቀችው። ገበሩ ውስጥ አዲስ ስም አለ፣ አዲስ ከተማ አለ። ከላይ ያሉት ተደስተዋል አለችው፤ ሥራህን ጨርሰሃል። ስለ ቁልፉ ምንም አልጠየቀችውም። ጠይቃ መልሱን ብትሰማ እሷም ትጠየቅበታለች።

«የእህቴ ሰፈር ቀድሞ ይዘጋል ብለሽኝ ነበር።»

«መርፌ ሌላውን ታለብሳለች እንጂ ራሷ ራቁቷን ናት» አለችው፣ የእጅጌውን ልክ እያየች። «ልክህ ነው። ሂድ።»

ከተማውን ከመልቀቁ በፊት ከአንድ ሱቅ ስልክ ደወለ። ሕጉን የጣሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሄሎ?»

መናገር አቃተው።

«ሄሎ? ማን ልበል?» እህቱ ዝምታውን አዳመጠች። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዝምታውን ታውቀዋለች። «አንተ ነህ፣ ወንድም ዓለም?»

አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ራዲዮውን ሰማን። ቤት ውስጥ ያለውን ውሃ አንዲት ጠብታ ሳላስቀር ደፋሁ» አለች። «ሚጢጢ ግን ያን ዕለት ጠዋት ጠጥታ ነበር። ትኩሳት ይዟት ውሃ ውሃ ስትለኝ፣ ሌሊቱንም ጠዋቱንም ደጋግሜ ሰጠኋት። እኔ ነኝ በእጄ የሰጠኋት። ትናንት ቀበርናት።»

አንቺ አይደለሽም ሊላት ፈለገ። ካርዷ በዋዜማው ጋሼ እጅ ብትገባ ኖሮ ጀሪካኑ ያኔውኑ በተደፋ ነበር፤ ሌሊቱም ጠዋቱም ባልኖሩ ነበር። ያችን አንዲት ቀን የወሰደው እሱ ነው። ይህን ቢነግራት እሷ ትቀልላለች፣ እሱ ግን እህት አይኖረውም፣ ወንድምም አይሆንም። ከንፈሩን ከፈተ።

«ዝም በል ግዴለም» አለች እህቱ እያለቀሰች። «በሕይወት መኖርህ ይበቃኛል።»

ስልኩን ዘጋው። በሌላ ሰው ጃኬት እጅጌ ዓይኑን ጠረገ።

አሁን በሌላ ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ይጠግናል። ሥራ በጀመረ ቀን፣ መነሻ ሰዓት የምትለፍፈው ልጅ ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ እንድትጠራው ስሙን ጠየቀችው። ነገራት። ለራሷ ሞከረችው፣ አልጣማትም።

«መሃል ላይ ያለችው ፊደል ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች?»

መሰላሉ ላይ እንደቆመ የላላውን ሽቦ አጥብቆ አሰረ። 

«እንዳመጣልሽ» አላት።

ከቀትር በኋላ አንዱ ድምፅ ማጉያ ተበላሸ። ልጅቷ ደጋግማ ተጣራች። መናኸሪያው ሁሉ ስሙን ሰማ፤ የእሱ መሆኑ ግን ዘግይቶ ነው ትዝ ያለው። መሰላሉን ተሸክሞ በተሳፋሪው መሃል ሄደ፤ ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።