ነጭ የተቀባው ግድግዳ

ልብስ ሰፊዋ ለበጎ ሥራ አብረዋት ከመጡት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር እየዘመረች የሕፃናት ማሳደጊያውን መኝታ ቤት ግድግዳ ቀብታ ልትጨርስ ስትል፣ ከኋላዋ መዶሻ ወለሉ ላይ ወደቀ። ዞር አለች። የማሳደጊያው አናጢ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማነው ይህን ግድግዳ ቀቡ ያላችሁ?»

«ቆሽሾ ነበር እኮ፤» አለች ፈገግ ብላ። «በእርሳስ ተሞነጫጭሮ...»

«ተሞነጫጭሮ!» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከቁጣ ይብስ ነበር። «የልጆቹ ቁመት ነው፣ እህቴ! እዚህ የገባ ልጅ ሁሉ በመጣበት ቀን እዚያ ቆሞ ይለካል። ‹ይህን ታክል ነበር› የምትለው እናት የለችውም፤ ያለችው ያቺ መስመር ናት። እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት። ከእኔ መስመር ሥር የታናሽ እህቴ ነበረች። እሷ ከዚያ በላይ አላደገችም።»

መዝሙሩ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየጠፋ ሄደ።

ቡድኑን ድንበር አሻግሮ ያመጣው የቤተ ክርስቲያኑ መሪ እጁን አናጢው ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። «ወንድሜ፣ ያለፈውን ለጌታ እንተወው።»

«ጌታ ግድግዳዬን አልቀባም!»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ ተናደደች። በራሷ፣ በመሪው ልስላሴ፣ ይቅርታ ለማለት ፋታ በነሳት በዚህ ሰው። ያፈረ ሰው የሚጮህበት አያጣምና፣ «ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከንም?» ብላ አፈጠጠችበት።

«መች ጠየቃችሁ? ከነባልዲያችሁ አይደል የመጣችሁት!»

በማግስቱ ቡድኑ ሐይቅ ሊጎበኝ ሲሄድ እሷ ቀረች። እርጥብ ጨርቅና ቢላ ይዛ ግድግዳውን ትፍቅ ጀመር። አናጢው መጥቶ ከኋላዋ ቆመ።

«ልስኑን እያነሳሽው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።»

«ደግሞ ተርትብኝ!» አለችው መፋቋን ሳታቆም።

ወደ እጆቿ ተመለከተ። ጣቶቿ ቆስለዋል። ቢላውን ከእጇ ወሰደ፤ ሲወስድ እጇን ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየ።

«ምን ታክል ነበር እህትህ?» አለችው በቀስታ።

«እጇን ይዣት ስቆም...» መዳፉን ከወገቡ ከፍ አድርጎ ግድግዳው ላይ አሳረፈ። «ራሷ እዚህ ጋ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ከኪሷ ሰማያዊ የልብስ ጠመኔዋን አውጥታ ከመዳፉ ሥር አሰመረች።

የመሄጃው ቀን ሲደርስ ግን ቁጣው አገረሸ።

«በይ ሂጂ። ልጆቹን አቅፋችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፤ ‹እንመጣለን› ትላላችሁ። ስትሄዱ የምናባብለው እኛ!»

«እኔ እመጣለሁ ብያለሁ?»

«አላልሽም።»

«እንግዲያው በሰው ውሸት እኔን አትቆጣ!» ብላ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች። ቃል አልሰጠችም። ቃል መስጠት ቀላል፣ መጠበቅ ከባድ መሆኑን በዚያ ቤት ተምራለች። መንገዱን ሁሉ ግን በልቧ ስትጣላው ሄደች፤ የምትጣላው ሰው እንዲህ የሚናፍቅ መሆኑን ማንም አልነገራትም ነበር።

ክረምቱ ሲያልፍ የማሳደጊያው በር ተንኳኳ። አናጢው ከፈተ። ብቻዋን ነበረች፤ የልብስ ስፌት መኪናዋን በትከሻዋ ተሸክማ በላብ ተዘፍቃለች።

የመጣለት ቃል ቁጣ ብቻ ሆነ። «አንድ መልእክት መላክ ያቅትሻል? አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከሥራዬ እየተነሳሁ ስወጣ ነው የከረምኩት! ሰው መሳቂያ አደረገኝ!»

«መጀመሪያ አትቀበለኝም? ትከሻዬ ሊገነጠል ነው!»

ተቀበላት። እያጉረመረመ ወደ ግቢው ገባ፤ እሷም እየተነጫነጨች ተከተለችው። ደረጃው ጋ ሲደርስ፣ ፊቱን ሳያዞር ጠየቃት።

«ስንት ቀን ልትቆዪ ነው?»

«መኪናውን ተሸክሞ ለሽርሽር የሚመጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አናጢው ቆመ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልጠየቀችውም፤ ቀረብ ብላ የመኪናውን አንድ ጎን ያዘችለትና ደረጃውን አብረው ወጡ።