ካርዶቹን የለቀመው እጅ

ፕሮፌሰር ቴልማን የጥናት ክፍላቸው ወለል ላይ ተደፍተው፣ የምድጃው መቆስቆሻ ብረት አጠገባቸው ወድቆ ሲገኙ፣ በረዶው የጀርመንን የሃርትስ ተራራ መንገድ ከዘጋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በቤቱ የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ወጪም ገቢም የለም። ሬሳውን ያገኘችው የቤት ሠራተኛዋ ቪብከ በዚያው ጠዋት ከሥራ ተሰናብታ ነበር፤ ሽርጧም ደም ነክቶታል። ሁለቱ ምሁራን፣ የሟቹ ረዳት ፎልክማርና ተቀናቃኛቸው ፕሮፌሰር ሽትራከ፣ ጓዳ አስገብተው ቆለፉባት። መንገዱ ሲከፈት ለፖሊስ ትሰጣለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት ሞት ነው።

በእንግድነት መጥተው በረዶ ያገታቸው ዳኛ ሪክማን ግን ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። ጠረጴዛው ላይ የሟቹ የሠላሳ ዓመት ልፋት፣ የጥንት ጀርመኖች ግሦች የሰፈሩባቸው ካርዶች አሉ። በድሮ ጽሑፍ የተገኘው ግስ በቀለም፣ ጽሑፍ ሳይገኝለት በግምት የታነጸው በእርሳስ ተጽፏል። ሁሉም በወጉ ተደርድረዋል። የደሙ ጠብታ ግን ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከሥርም ካለው ካርድ ላይ አለ።

«ፕሮፌሰር ሽትራከ፣ እዚህ ገብተው ነበር?»

«እግሬም አልረገጠው! ቴልማን ካርዶቹን ለተቀናቃኙ የሚያሳይ ይመስልዎታል?»

ዳኛው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰቡ፤ ቪብከንም አስወጡ። ደም ያልነካቸውን ካርዶች ቀላቅለው ለሁለቱ ምሁራን አደሏቸው።

«እስቲ ደርድሩልኝ።»

«ሬሳ ተጋድሞ? ይቀልዳሉ እንዴ ክቡር ዳኛ?» አለ ፎልክማር። እጁ ግን ሥራ ጀምሯል።

ፎልክማር መምህሩ እንዳስተማረው በቀለም የተጻፈውን ከላይ አደረገ። ሽትራከ የእርሳሱን ከላይ፣ የቀለሙን ከሥር።

«ደሙ የተረጨው ካርዶቹ መሬት ላይ ተበትነው ሳለ ነው» አሉ ዳኛው። «ገዳዩ ለቅሞ ደረደራቸው። ግን ቴልማን ማስረጃውን ያስቀድሙ ነበር፤ ረዳታቸውም እንደዚያው። ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁት ግምቱ የቀደመበት ነው። ልክ እንደ እርስዎ፣ ፕሮፌሰር።»

ሽትራከ የገዛ እጁን አየ። ወዴት ይሂድ? በሩ እስከ ወገቡ በረዶ ነው።

«ቴልማን በእነዚህ ካርዶች የሃያ ዓመት መጽሐፌን ሊያፈርስብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ላቃጥላቸው ይገባ ነበር። ተበትነው ሳያቸው ግን አላስቻለኝም።»

«እኔ እኮ ፊደል አልቆጠርኩም!» አለች ቪብከ። «አንገቴ ሊቆረጥ ነው ብዬ ስንቀጠቀጥ፣ ከመካከላችሁ ማንበብ ትችያለሽ ወይ ብሎ አንድ የጠየቀኝ አለ?»

ሽትራከን ጓዳ አስገብተው ቆለፉበት። በረዶው አሁንም ይወርዳል።

ፎልክማር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ቪብከ... ምሳ ነገር ይኖር ይሆን?»

ሽርጧን ፈትታ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«ጓዳ ሰው አለላችሁ፤ እሱን ጠይቁት።»