በድምፄ የተነገረው መርዶ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሣ ጥዬ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ከመቃብሩ በኩል ሰው ሲያንጎራጉር ሰማን ሲሉኝ «ስንት ጠላ ጠጥታችሁ ነበር?» እያልኩ ነው ያደግኩት፣ ይሄኛው ግን በራሴ የደረሰ ነው፣ ባታምኑኝም አልቀየማችሁም።

መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ ግርጌ ባለችው ትንሽ መንደራችን የእድሩ ጡሩምባ ነፊ እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቼ ሦስት ጊዜ እነፋና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት እለፍፋለሁ፣ ሥራው የተሰጠኝ ድምፄ ሩቅ ስለሚሄድ ነው፣ በዚያ ላይ ግጥም ስለምሞካክር አፉ አይያዝም ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት፣ ተከልሎ የሚቆየው የጓሳ ተራራ ለሣር አጨዳ በተከፈተበት ሰሞን፣ የገብርኤል ዕለት፣ ከጎረቤቴ ከጌታቸው ጋር ገና ሳይነጋ ወጣን፣ የእናቴ ቤት ክዳን አርጅቶ ያፈስ ነበር። ረፋድ ላይ ጉሙ ወረደ። ጌታቸው ማጭዱን ገታ አድርጎ «ሰማህ?» አለኝ። ከታች፣ ከመንደሩ በኩል፣ ጡሩምባ ሦስት ጊዜ ተነፋ፣ ያን ያህል ርቆ ሊሰማ አይገባውም ነበር። ቀጥሎ የሚለፍፍ ሰው ድምፅ መጣ፣ ቃሉ አይለይም፣ ግን እመኑኝ፣ ድምፁ የእኔ ነው። ጌታቸው ቀና ብሎ አፌን አየ።

«እዚህ ነህ አይደል?»

«የት ልሆን ኖሯል?»

«እንጃ» አለና ወደ አጨዳው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ሸክማችንን ይዘን ስንወርድ መንደሩ በሙሉ ጋሽ ሽፈራው ደጅ ቆሟል። ጋሽ ሽፈራው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ረፋድ ላይ የእኔ ድምፅ «ጋሽ ሽፈራው ዐረፉ፣ ቀብራቸው ማርያም ዕለት፣ በስድስት ሰዓት» ብሎ ለፍፏል አሉ፣ ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ሲመጣ ሰውየው ራሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው «ደሞ ማን ሞተ?» እያሉ ከለቀስተኛው ሊቀላቀሉ ወጡ።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ገና ሲያዩኝ «ባሌን በቁሙ ገድለህ አንተ ሣር ታጭዳለህ?» ብለው ጮኹብኝ። የእድሩ ዳኛ ደግሞ በሰው ሞት ቀልደሃል፣ ከእድሩ ትወጣለህ አሉኝ፣ ከእድር መውጣት ማለት ነገ እናቴን የሚቀብርልኝ ማጣት ነው። ጌታቸው አብሮኝ ነበር ብሎ ቢምል ማን ይስማው፣ ሁሉም በጆሮው ሰምቷል። ጡሩምባዬ ግን ከተሰቀለበት አልወረደም፣ እናቴ ሥሩ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ስትፈትል ነው የዋለችው።

ያዳኑኝ ጋሽ ሽፈራው ናቸው። «ተዉት» አሉ፣ «ሊቀልድብኝ ቢፈልግ ዛሬውኑ ይቀብረኝ ነበር፣ ምን ሁለት ቀን ያስጠብቀዋል?» እውነታቸውን ነው፣ እኛ ጋ ሬሳ ሁለት ቀን አያድርም።

ማርያም ደረሰች፣ ስድስት ሰዓትም አለፈ፣ አልሞቱም፣ መንደሩ ስቆ ነገሩን ተወው። እሳቸው ግን ጠሩኝና «ማርያም አልክ እንጂ የየትኛው ወር ማርያም እንደሆነች አልተናገርክም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በማርያም ዕለት ስድስት ሰዓት እስኪያልፍ አብሬያቸው እቀመጥ ጀመር። «ድምፅህን ዓይኔ ሥር ላድርጋት ብዬ ነው» ይላሉ እየሳቁ፣ ቆሎ እንቆረጥማለን፣ ስለ ገብሱ እናወራለን፣ ሰዓቱ ሲያልፍ «በል ሂድ፣ ሥራ ፈታህ» ብለው ያሰናብቱኛል።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ በማርያም ዕለት፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ስመለስ መኪናው ጭቃ ያዘውና እየሮጥኩ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆነ። ጋሽ ሽፈራው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እኔ የምቀመጥባት በርጩማ ፊት ለፊታቸው ወጥታለች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ መኪናው...»

«ምን ረስተህ ተመለስክ?»

«አሁን መድረሴ እኮ ነው!»

ትክ ብለው አዩኝ፣ ዓይናቸው ደግሞ ደህና ነው፣ በጋቸውን ከሰው በግ በሩቅ ይለያሉ።

«ወሩን ነግረኸኝ አይደል የሄድከው?» አሉ ቀስ ብለው።

«የቱን ወር አልኩዎት?»

ፈገግ አሉ። «ከእንግዲህ በየወሩ አትድከም፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ተስማምቷቸዋል፣ እትዬ አስካለ ናቸው የነገሩኝ። ደብረ ብርሃን ያለውን ልጃቸውን አስጠርተው የመሬቱን ወሰን ሲያሳዩት ሰነበቱ። እኔ ግን ወሩን አላውቅም፣ ማርያም ስትሆን ከማንም ጋር አልነጋገርም፣ አፌን ዘግቼ እውላለሁ፣ ያ ድምፅ ደግሞ ቢመጣ ግን ጆሮዬን ምን ላድርገው?