የሰማይት ደብር ቁልፍ ድንጋይ

በዘምሪያ መንግሥት፣ በሐይቅ ዳር የቆመው የሰማይት ደብር ከሩቅ ሲያዩት የድንጋይ ጫካ ይመስል ነበር። አምዶቹ እንደ ጥድ ሽቅብ ተመዝዘው ከላይ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ቅርንጫፎቹም በሾጣጣ ቅስቶች ይገናኛሉ። በጣሪያው ጠርዝ ላይ ክንፋም የድንጋይ አውሬዎች ተቀምጠው የዝናቡን ውሃ ከአፋቸው ይተፋሉ። አንድ ማለዳ አውሬዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጋሙር ተራራ አዙረው ተገኙ። በታላቁ ቅስት ጫፍ ላይ ሁለቱን ጎኖች አጋጥሞ የሚይዘው፣ የሴት ፊት የተቀረጸበት ቁልፍ ድንጋይም ጠፍቶ ነበር።

የደብሩ ድንጋይ ጠራቢዎች አለቃ ምህርካ በንግሥት ዘርፌሽዋል ፊት ቀረቡ። «ግርማዊት ሆይ፣ ቅስቱ ከሰባት ቀን በላይ አይቆምም። ደብሩ ከወደቀ መሠረቱ አስሮ የያዘው ሐይቅ ተፈትቶ ከተማይቱን ይውጣታል።»

እንደ አባቷ ጠራቢ የነበረችው ልጃቸው ትርሲት ወደ ፊት ወጥታ ተንበረከከች። «በእነዚህ አምዶችና አምዶቹን ባቆሙ እጆች እምላለሁ፤ ድንጋዩን ሳልይዝ ወደዚህ በር አልመለስም።»

አባትና ልጅ አውሬዎቹ ወደዞሩበት ወደ ጋሙር ተራራ ሦስት ቀን ተጓዙ። ከጭጋግ የተሠሩ ወፎች በመንገደኞቹ ደረት ውስጥ እያለፉ ይበሩ ነበር፤ ባለፉ ቁጥርም ሁለቱ የረሱት ሕልም ትዝ ይላቸዋል። ሲደርሱ ሰዎች ተራራ ሲሉት የኖሩት ጋሙር ሕያው ፍጡር መሆኑን አዩ። ቁልፍ ድንጋዩን ታቅፎ በግዙፍ ጣቱ ይዳብሰው ነበር። የራሱ ፊት ግን ውሃ እንዳጠበው አለት ልሙጥ ነው።

«ከጎኔ እየፈለጣችሁ ወሰዳችሁ» አለ ከደረቱ በሚወጣ ድምፅ። «ለወሰዳችሁት ድንጋይ ሁሉ ፊት ሰጣችሁ። ለእኔ ግን ማንም አልሰጠኝም።»

ትርሲት መሮዋን ከመታጠቂያዋ መዘዘች። «እኔ እሰጥሃለሁ» አለችው።

«እኔን የሚጠርብ እጅ እንደ እኔ ድንጋይ ይሆናል።»

አለቃ ምህርካ መሮውን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። «ስጪኝ ልጄ። እኔ ሸምግያለሁ።»

«አባዬ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል። የተበላሸ ፊት ከሰጠነው ለዘላለም ያዝናል።»

ከንጋት ጀምራ ጠረበች። ግንባሩ ሲወጣ የቀኝ እጇ ጣቶች ግራጫ ሆኑ፤ አፉ ሲከፈት ክንዷ እስከ ክርኗ ደነዘዘ። ዓይኖቹ ብቻ ሲቀሩ መሮው ከእጇ ወደቀ። አባቷ አንስተው በመቀነታቸው ድንጋይ ከሆነው ጡጫዋ ጋር አሰሩላትና ፊታቸውን አዞሩ። በግራ እጇ መዶሻውን ይዛ እየመታች ጨረሰች።

ጋሙር ዓይኑን ገልጦ ሰማዩን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። እንባው ምንጭ ሆኖ በጎኑ ወረደ። ቁልፍ ድንጋዩም እፍ ሲልበት እንደ ጥጥ ቀለለ፤ ወስዶም በትርሲት ግራ ክንድ ላይ አኖረው።

በሰባተኛው ቀን ድንጋዩ ወደ ቦታው ገባ። ቅስቱ እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰና ጸና፤ ሐይቁም ረጋ። ሕዝቡ እልል ሲል ትርሲት ከመወጣጫው ወርዳ ወደ አባቷ የሥራ ቤት ገባች።

በማግስቱ አለቃ ምህርካ ሲመጡ በግራ እጇ መሮ ይዛ፣ በድንጋይ ክንዷ እየመታች አንድ ቅጠል ስትቀርጽ አገኟት። ጎንበስ ብለው ለብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ተጣሟል» አሏት።

«አዎ አባዬ» አለች፣ ሌላ ድንጋይ እየሳበች።