ስንዝር ያጠረው ሽቦ

ቀስበል የወደቀው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነበር። የኔትወርክ ዕቃ ገጣሚ ነው፤ «ቀስ በል» ሳይል ሥራ ስለማይጀምር ባልደረቦቹ ስሙን አስረስተው በዚህ ይጠሩት ነበር። ዕቃዎቹ የተደረደሩበትን ባለጎማ የብረት መደርደሪያ በባዶ እጁ እንደነካ ኤሌክትሪክ ያዘው።

ከሰዓት በኋላ ለታላቅ እህቱ የሚፈረም ወረቀት ቀረበላት፦ «ሟች ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን የመሬት ሽቦ በመደርደሪያው ቀለም ላይ በማሰሩ፣ በራሱ ስህተት ሞቷል።»

«አልፈርምም! ለእናቴ ‹ልጅሽ በገዛ እጁ ሞተ› ልበላት? ወንድሜ ቀለም ሳይፍቅ አያስርም። ‹ብረት ከብረት ካልተሳሳመ ሽቦው ጌጥ ነው› ይል ነበር።»

የፖሊስ መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ የወጣውን የብርጭቆ ወረቀት ገልብጣ አየችው። ጥቁር የቀለም ብናኝ ይዟል።

«ኤሌክትሪኩን ማን አበራው?»

«እኔ ነኝ» አለ የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን። «ትናንት ማታ የመሬቱን መስመር ለክቼ ደህና ነበር። ጠዋት የሥራ ኃላፊው ‹ዝግጁ ነው› ሲሉኝ ከታች ማብሪያውን፣ ብሬከሩን አነሳሁ።»

«መደርደሪያው ያለበት ክፍልስ ተቆልፎ ነበር?»

«ቁልፉ በሩ ላይ ነው የሚውለው» አለ የሕንፃው ጥበቃ። «ማንም ይገባል።»

ኃላፊው ተከዘ። «እኔ ዛሬ ክፍሉን አልረገጥኩም። ነፍሱን ይማረውና፣ ቸኩሎ ነው። ሽቦው ስላጠረው ያገኘው ቀዳዳ ላይ ጠፈረው።»

«ቸኩሎ? ቀስበል?» ጥበቃውን ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

መርማሪዋ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል። ከመደርደሪያው ጀርባ ተንበረከከች።

«ሽቦው የታሰረው እዚህ፣ ባልተፋቀ ቀለም ላይ ነው። ስንዝር ራቅ ብሎ ግን ዙሪያው እስኪያበራ የተፋቀ ቀዳዳ አለ። ይኼ የሟቹ እጅ ነው።» ሽቦውን ፈትታ ወደዚያ ሳበችው። አልደረሰም። ወለሉ ላይ ትኩስ የጎማ ዱካ አሳየቻቸው። «እስቲ መደርደሪያውን ወደ ቦታው መልሱት።»

ኤሌክትሪሺያኑና ጥበቃው ገፉት። ሽቦው ደረሰ።

«ቀስበል ሲያስረው አላጠረም። ያጠረው ዛሬ ጠዋት፣ አንድ ሰው መደርደሪያውን ካንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ያ ሰው ፈትቶ ቅርብ ቀዳዳ ላይ፣ ቀለም ላይ አሰረው። ከአንዱ ዕቃ ያፈተለከው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መውረጃ አጥቶ ብረቱ ላይ ቀረ።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ሽቦው ማጠሩን ወረቀቱ አይልም። እኔም ያወቅኩት አሁን ነው። እርስዎ ግን ክፍሉን ሳይረግጡ ነገሩኝ።»

ኃላፊው ግድግዳውን ተደገፈ። «እንግዶች ይመጡ ነበር... ከሌሎቹ መደርደሪያዎች ጋር እንዲስተካከል ብዬ...»

«ለስንዝር!» አለች እህቱ።

ኃላፊው አራት ዓመት ተፈረደበት። ታርሞ የተጻፈውን ወረቀት እህቱ ለእናቷ ሁለት ጊዜ አነበበችላት።