በአቶ አራርሳ እጅ የተሰረዘች መስመር

በጥቅምት ወር ፲፱፻፹፮ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ወጥቷል ቢባልም መቱ ገና ጃንጥላዋን ባላጠፈችበት ሰሞን፣ በፍርድ ቤቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፤ ከእንግዲህ የሚቀርብ አቤቱታ ሁሉ በኦሮምኛ፣ በላቲኑ የቁቤ ፊደል እንዲጻፍ የሚያዝ ነበር። ከወረቀቱ ዐሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከሾላው ሥር፣ የማመልከቻ ጸሐፊው አቶ አራርሳ ጉደታ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከከተማው ሰው ሁሉ ግን ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ያነበቡት እሳቸው ናቸው።

አቶ አራርሳ ሦስት መንግሥት ሲለዋወጥ ከዚያው ሾላ ሥር ሳይነሡ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሰው በደል የጻፉ ሰው ነበሩ። ባላገሩ በኦሮምኛ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ጽፈው ሲያበቁ ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በአማርኛ ያነቡለታል፤ ባላገሩም አንዲት ቃል ሳትገባው በአድናቆት ራሱን እየነቀነቀ «ኤዬ» ይላል፤ አዎን ማለቱ ነው፤ አውራ ጣቱንም ቀለም አስነክቶ ያትማል።

ለአዲስ ነገር ግን ጊዜ አልነበራቸውም። መነጽር ያሠሩ ሲባሉ «ይደርሳል»፤ በአውቶቡስ ጅማን አይተው ይምጡ ሲባሉ «ይደርሳል»፤ የሠርጋቸውን ቀን እንኳ ሁለት ጊዜ «ይደርሳል» እያሉ አስተላልፈዋል ይባላል፤ ይህን የምናወራው ግን እኛ ጎረቤቶቻቸው ነንና ሙሉ በሙሉ አይታመንም።

ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ባለጉዳይ በፊታቸው እያለፈ፣ ከመንገዱ ማዶ በቁቤ የሚጽፍ ታይፒስት ደጅ ይሰለፍ ጀመር። ወረቀትና ካርቦን የምትሸጥላቸው ባለሱቋ ዘህራ ነገሩን ከባንኮኒዋ ሆና ታይ ነበር።

«ጋሼ አራርሳ፣ ዛሬ ስንት ሰው መጣ?»

«ዝናቡ ነው ያስቀራቸው።»

«ዝናቡ እኮ ከታይፒስቱ ደጅም ይዘንባል።»

«ተይው፤ ይህ ነገር ስድስት ወር አይቆይም።»

«ስድስት ወር እስኪሞላ ጠረጴዛዎን ምስጥ ይጨርሰዋል። መምህርት ገለኔ በትምህርት ቤቱ ለትልልቅ ሰው ቁቤ ታስተምራለች። እኔ ተመዝግቤያለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔማ ምን አለኝ፤ ብሳሳት ማንም አያውቅብኝም። እርስዎ ነዎት የሚያፍሩት።»

እውነቷን ነበር። የአቶ አራርሳ ሥጋት ፊደሉ አልነበረም፤ የሹሙን ደብዳቤ ሳይቀር ያርም የነበረ ሰው፣ በልጅነቷ በሚያውቋት መምህርት ፊት ጠመኔ ይዞ መቆሙ ነበር። ነገር ግን ሌላ ሙያ የላቸውም፤ ከሾላው ሥር ከተነሡ የሚሄዱበት ከቤታቸው በቀር አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ሰው ሳይቀመጥበት የዋለውን የባለጉዳይ ወንበር ከጠረጴዛው ላይ ገልብጠው ሁለቱንም ወደ ቤታቸው ሊወስዱ ተነሡ። ዘህራ አላገዘቻቸውም፤ ቆማ አየቻቸው። እሳቸውም ከሱቋ ደጅ ሲደርሱ ጠረጴዛውን አወረዱ።

«እስከ ሰኞ እዚህ ይቀመጥልኝ። ትምህርቱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ዐሥራ አንድ። አብረን እንሂድ?»

«እሺ» አሉ አቶ አራርሳ። ከአንደበታቸው «ይደርሳል» ሳይቀድማት የወጣች የመጀመሪያዪቱ እሺ ይህች ናት፤ ዘህራ እስከ ዛሬ እማኝ ነኝ ትላለች።

መምህርት ገለኔ እንዳየቻቸው ከፊተኛው ወንበር ሰው አስነሥታ አስቀመጠቻቸው።

«እኔን ለሥራ ያበቃኝ የጋሼ ማመልከቻ ነው» አለች ለክፍሉ። «‹አልጋ ላይ የወደቀች እናቴን የምጦር› ብለው ጻፉልኝ። እናቴ ያን ጊዜ በቆሎ ተሸክማ ከዳሪሙ በእግሯ ትመጣ ነበር።»

ክፍሉ ሳቀ። አቶ አራርሳም ሳቁ፤ «የጽሕፈት ወግ ነው፤ ምን ይደረግ» አሉ።

በጥር ወር ጠረጴዛው ወደ ሾላው ሥር ተመለሰ። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ከዳሪሙ የመጡት እትዬ ዋሪቱ ነበሩ፤ ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ አርባ እግር ቡናቸውን ወደ ራሱ አጥሮባቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊትም በዚሁ ጉዳይ አቶ አራርሳ በአማርኛ ጽፈውላቸው ነበር።

«ያኛው ምን ሆነ?» አሉ አቶ አራርሳ።

«ወደቀ። ዳኛው ወረቀቱን አየ፣ ልጆቼን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ፤ ‹እማማ፣ ማንን እንመን?› አለኝ። ምን እንደ ሆነ አልገባኝም።»

አቶ አራርሳ በቁቤ ጻፉ። እጃቸው በለመደችው ሄዳ መግቢያውን ሳያስቡት ጨረሰችው። ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በኦሮምኛ ማንበብ ጀመሩ፤ «እኔ ባሌ የሞተብኝ፣ ጧሪ ቀባሪ የሌለኝ፣ ብቸኛ ደካማ...»

«ላኪ» አሉ እትዬ ዋሪቱ። አይደለም ማለታቸው ነው። በዚያ ጠረጴዛ ፊት በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ይህ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነበር።

«ጧሪ የሌለው ማን ነው?» እትዬ ዋሪቱ ወደ ኋላቸው ዞሩ፤ የጠገበ በሬ የመሰሉ አራት ወንዶች ልጆቻቸው ከሾላው ሥር ቆመዋል። «እነዚህ ምንድን ናቸው ታዲያ?»

«እትዬ፣ ዳኛ እንዲራራ ተብሎ የሚጻፍ...»

«በፊተኛውም እንዲህ ተብሎ ነበር?»

አቶ አራርሳ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ያ ክስ ለምን እንደ ወደቀ በዚያች ቅጽበት ገባቸው፤ አራት ልጆቿን አስከትላ ጧሪ የለኝም የምትልን ሴት የትኛው ዳኛ ስለ ድንበሯ ያምናታል? ከዚህ ወንበር ተነሥተው የሄዱት የቀሩት ሁሉ፣ «ኤዬ» እያሉ ያተሙት ሁሉ፣ አንድ ባንድ በዓይናቸው ዞሩ። ስድቡን አጎንብሰው ጠበቁ።

እትዬ ዋሪቱ ግን ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «አራቱንም በአንድ ወረቀት ቀበሩብኝ እኮ። በሉ አሁን አስነሡልኝ።»

አቶ አራርሳ መስመሯን ሰረዙ። እትዬ ዋሪቱም ወንበሩን ስበው ቀረቡ፤ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እየሰሙ «ኤዬ» ወይም «ላኪ» እያሉ፣ ድንበሩ ከየትኛው ዋንዛ እስከ የትኛው ጅረት እንደ ሆነ እያረሙ፣ ግማሽ ቀን ጻፉ። ለአቶ አራርሳ ግን ሃያ ሦስት ዓመት ብቻቸውን የተሸከሙትን ሸክም ጫፍ ሌላ ሰው ያነሣላቸው ያህል ትከሻቸው ቀለላቸው።

ከፋሲካ በኋላ ከፍርድ ቤቱ ሽማግሌዎች ተልከው ድንበሩን አዩ፤ አርባው እግር ቡና ለእትዬ ዋሪቱ ተመለሰ። ወሬውን የሰሙ ዕለት አቶ አራርሳ ዘህራ ሱቅ ገብተው ምንም ሳይገዙ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ።

«ምነው ጋሼ?»

«ምንም። ተነፈስኩ። የጅማው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

«ለምን?»

«መነጽር ላሠራ።»

ታሪክ የዚያን ዘመን ነገር በአዋጅና በቀን መዝግቦታል፤ የሥራ ቋንቋው መቼ እንደ ተለወጠ የሚፈልግ አያጣውም። ከሾላው ሥር ስለ ነበረው ጠረጴዛ ግን የጻፈ የለም፤ ሾላውም ለመንገድ ማስፊያ ተቆርጧል። ምናልባት በመዝገብ ቤቱ አቧራ ውስጥ አንድ ወረቀት ይገኝ ይሆናል፤ ከላይ አንዲት መስመር የተሰረዘችበት፣ ከታች አንድ አውራ ጣት ያረፈበት። የሚያገኘው ሰው ጸሐፊው ተሳስቶ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ከዚያ በፊት ነበር።