ሰባ አራተኛው ጉም

ከመጨረሻው ባሕር ዛፍ እስከ ወንዙ መሻገሪያ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ሙንታሲር ስድስት ዓመት ሙሉ ቆጥሮታል። አሁን አራት መቶ ሃምሳ ደርሷል፤ ወንዙ ግን የለም። ጉሙ የገዛ ጫማውን እንኳ አያሳየውም።

«ጠፋን በላ» አለች ታላቅ እህቱ ፋጡ ከኋላው።

«አልጠፋንም። መንገዱ ረዝሞብን ነው።»

«መንገድ ይረዝማል እንዴ? እርምጃህ ነው ያጠረው። ተኝተህ እኮ ነው የምትሄደው!»

እውነቷን ነበር። ሌሊቱን ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ከረጢት ሲመዝን አድሮ፣ ልብስ ቀይሮ ብቻ ነው የወጣው። ፋጡም የሚኒባሷን የጠዋት ምልልስ ትታ የተከተለችው ይህን አይታ ነው፤ ብቻውን ከሄደ የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ እንደሚቀር አልተጠራጠረችም።

መቅረት ግን አይችልም። ትናንት ከሰዓት በኋላ የድንጋይ ካባው ጥበቃ ጋሽ ሳህሌ ደውለው ነበር። «ልጄ፣ ነገ ጠዋት አለቷን ሊፈነቅሏት ነው። የምታነሳው ካለህ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረስ።»

አለቷ ከወንዙ ማዶ፣ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ጫፍ ላይ የቀረች ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት። ሙንታሲር ጉም በወረደ ቁጥር እሷ ላይ ቆሞ ሸለቆውን ያነሳል። የካሜራው ስታንድ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል ለሦስቱ እግሮቹ ሦስት ጉድጓድ በመሮ ፈልፍሎላታል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጉሙን ከፍታ ደብተሩ ላይ ይመዘግባል። በመጨረሻው ዓምድ ሰባ ሦስት ጊዜ የጻፈው አንድ ነገር ነው፦ «ሰው የለም»። ሰው ካለ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ አላልፍ ካለም ይጮህበታል።

የሚፈልጋት ፎቶ ግን ከሰባ ሦስቱ አንዷም አይደለችም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ አለቷ ላይ መጀመሪያ በወጣ ዕለት፣ ጉሙ ሸለቆውን እስከ አፉ ሞልቶ እንደ ወተት ረግቶ ነበር። ከላዩ ብቅ ያለው የየረር ተራራ ጫፍ ብቻ ነበር፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የመጀመሪያዋ ጨረር። ያን ዕለት የካሜራው ባትሪ ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉሙ አንድም ሳስቶ፣ አንድም አለቷን ራሷን ውጦ እንጂ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ትናንት አመሻሽ ላይ ዝናብ ጥሎ ሰማዩ ጠርቷል፤ ነፋስ የለም። ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

በአራት መቶ ሰማንያኛው እርምጃ የወንዙን ድምፅ ሰማ። ከላይ የጣለው ዝናብ ውሃውን አሳድጎት ከመረማመጃዎቹ ድንጋዮች የሚታዩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሙንታሲር ሁለቱን ዘለለ። ሦስተኛው ተንከባለለ። እስከ ወገቡ ገባ፤ ውሃው ጎኑን እየገፋ ወሰደው፤ ቦርሳው ተሞላ። ካሜራውን ከቦርሳው መንጭቆ ወደ ላይ አነሳው። ፋጡ የተሸከመችውን ስታንድ ወደ ማዶ ወርውራ ውሃው ውስጥ ዘላ ገባችና ኮሌታውን ይዛ ጎተተችው።

ዳር ሲደርሱ ሁለቱም በአራት እግራቸው ነበሩ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነው፣ ጠብታ አልነካውም።»

«ካሜራውን አይደለም የጠየቅኩህ፣ አንተ ግንድ!»

ቦርሳው ውሃ ይንጠባጠባል። ካሜራውን ሹራቡ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ሸጎጠውና ገደሉን መውጣት ጀመሩ። ጭቃው አንድ ወደ ላይ ሲሉ ሁለት ወደ ታች ይመልሳቸዋል። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ፋጡ ክንዱን ያዘችው። የሚሸት ነገር ነበር። ከዚያ ጉሙ ውስጥ አንድ ትልቅ ጭንቅላት ተሠራ፤ ከጎኑ ሁለተኛ፣ ከኋላ ሦስተኛ። ጅቦቹ ከቆሻሻ መጣያው ወደ ዋሻቸው ሲመለሱ ነው፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«አትሩጪ» አለ ሙንታሲር በሹክሹክታ። ስታንዱን በሁለት እጁ እንደ ጦር ያዘ። የፊተኛው ጅብ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አንድ እርምጃ ቀረበ። ከዚያ ሌላ።

ፋጡ ሾፌር ከመሆኗ በፊት አራት ዓመት ረዳት ነበረች። ሁለት ድንጋይ አንስታ እያጋጨች ያንን ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ሳሪስ! ሳሪስ አቦ! ሳሪስ፣ ሳሪስ፣ ሳሪስ! አንድ ሰው የቀረው!»

ጅቦቹ እርስ በርስ እየተጋፉ ገደሉን ወረዱ። ሙንታሲር ሳቀ፤ በሳምንቱ ውስጥ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ።

«ተነስ፣ ሙንታ። ለጅብ ጮኼ ጮኼ እዚህ አትቀመጥብኝም።»

ካባው ላይ ሲወጡ ኤክስካቫተሩ ተነስቶ እያጓራ ነበር። ጋሽ ሳህሌ ካፖርታቸውን እንደለበሱ አለቷ ላይ ቁጭ ብለዋል። ኦፕሬተሩ ፈርሃት ከመስኮቱ ብቅ ብሎ ይለምናቸዋል።

«አባባ፣ በአላህ ይውረዱልኝ!»

«ቁርጥማቴ ተነስቷል። አልችልም» አሉ ጋሽ ሳህሌ። ሙንታሲርን ሲያዩ ግን እንደ ጎረምሳ ብድግ አሉ።

«አሥር ደቂቃ ስጠኝ፣ ወንድሜ» አለ ሙንታሲር።

«ብሮ፣ አንድ ሰዓት ላይ ሲኖትራክ ይመጣል። የሚጭነው ድንጋይ ካጣ እኔን ነው የሚጭነኝ።» ፈርሃት እርጥብ ልብሳቸውን አየ። «እሺ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ። በብርድ አላስገድደውም። ከሞቀ በኋላ ግን አባቴም ቢመጣ አልጠብቅም።»

ሙንታሲር አለቷ ላይ ወጣ። ሸለቆው እስከ አፉ ሞልቷል። ጉሙ ረግቷል። የረር ብቻውን ቆሟል፤ ጫፉ ገና ጥቁር ነው። ስታንዱን በሦስቱ ጉድጓዶች ተከለ፤ ካሜራውን ከደረቱ አውጥቶ ገጠመ፤ አየ።

ነጭ። ሌላ ምንም የለም። ሌንሱን ዞሮ ተመለከተው፤ መስተዋቱ እንደ ሻይ ቤት መስኮት ላብ አጥምቆታል።

በየምሽቱ ካሜራውን በረንዳ ላይ ባልዲ ውስጥ የሚያሳድረው ለዚህ ነው፤ ከጠዋቱ እኩል እንዲቀዘቅዝ። የሞቀ ሌንስ ውስጥ የገባ እርጥብ እንፋሎት ብርድ ሲያገኘው መስተዋቱ ላይ ላብ ይሆናል። ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ዛሬ ደግሞ በገዛ ደረቱ አሙቆ አመጣው።

«ጥረገዋ» አለች ፋጡ።

«ላቡ ከውስጥ ነው፤ አይጠረግም። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አሥር።»

ከኋላቸው ሞተሩ ይሞቃል፤ ከፊታቸው ሌንሱ ይቀዘቅዛል። ሙንታሲር እጁን አጣምሮ ቆመ። ዓይኑ ሊከደን ይታገለዋል። ፋጡ አለቷ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሮቿን ጉሙ ላይ አንጠለጠለች።

መስተዋቱ ከዳር ወደ መሀል እየጠራ መጣ። የየረር ጫፍ ቀላ። ሙንታሲር ጎንበስ ብሎ አየ። ስድስት ዓመት የጠበቃት ናት፤ ጉሙም፣ ጫፉም፣ ጨረሯም። በግራ በኩል ደግሞ ፋጡ አለች፤ ጎብጣ ካልሲዋን ትጨምቃለች።

«ውጪልኝ» የምትል አንድ ቃል ትበቃ ነበር። አፉን ከፈተ። የእህቱ ትከሻ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ኮሌታውን ይዞ ከወንዙ የጎተተው እጇ እስከ ክርኑ ድረስ ጭቃ ነው። ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የጉሙ ስፋት ታየው። እሷ እዚያ ባትኖር በምን ይለካ ነበር?

አፉን ዘጋ። የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ።

ሁለተኛ ሊደግም ሲል ጉሙ ተነፈሰ፤ ከሸለቆው አፍ ገንፍሎ አለቷንም፣ ፋጡንም፣ ሌንሱንም ዋጠ።

«ሞቀ!» ብሎ ጮኸ ፈርሃት።

ወርደው ራቅ ብለው ቆሙ። የኤክስካቫተሩ ክንድ ጉሙ ውስጥ አይታይም፤ ጥርሱ ድንጋይ ሲነክስ ብቻ ይሰማል። ከዚያ አንድ ረጅም ጉምጉምታ ሆነ፤ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ዝም አለ። ሦስቱ ጉድጓዶች አብረው ሄዱ።

ሙንታሲር አፈር ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ውሃ እንዳይነካው ከጠቀለለበት ፌስታል አወጣ። ቁጥሩን ጻፈ፦ ሰባ አራት።

«እኔ ገባሁበት እንዴ?» አለች ፋጡ።

«ገብተሻል።»

«ምነው ታዲያ አልጮህክብኝ?»

«ይገርማል!» አሉ ጋሽ ሳህሌ። «እኔን ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ጋሽ ሳህሌ፣ ትንሽ ወደ ኋላ› እያለኝ ነው የኖረው።»

ሙንታሲር የመጨረሻው ዓምድ ላይ ደረሰ። ፋጡ በትከሻው ላይ አጮልቃ አነበበች፦ «ፋጡ፣ ካልሲዋን እየጨመቀች።»

«ወላሂ አሳፈርከኝ! ካልሲዬን ምን መዝገብ ውስጥ አስገባው?»

«የታየው ነው የሚጻፈው» አለና እጁን ዘረጋላት። ጎትታ አስነሳችው።

ወደ ወንዙ ሲወርዱ እርምጃ አልቆጠረም። ፋጡ ከፊት ነበረች።